ሐኪሙ የቆጠረውና ያልተረከው

የሰር ጄምስ ማክግሪጎር ግለ ታሪክ ለንደን ውስጥ የታተመው እሱ ከሞተ ከሦስት ዓመት በኋላ፣ በ1861 ነው (ዘመኑ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ስኮትላንዳዊው ሐኪም ከብሪታንያ ጦር ጋር ፍላንደርስ፣ ካሪቢያን፣ ህንድና ግብፅ ዘምቷል፤ ከ1815 እስከ 1851 ደግሞ የሠራዊቱን የሕክምና መምሪያ በበላይነት መርቷል። የሕክምና ስታቲስቲክስ ታሪክ ሲነሳ ስሙ በይበልጥ የሚጠራው በዚህ በኋለኛው ሥራው ነው። የመጽሐፉ ልብ ያለው ግን ጦር ሜዳው ላይ ነው፤ ጥንካሬውም ጉድለቱም ከዚሁ ይመነጫል።

ጥንካሬውን ላስቀድም። በ1809 እንግሊዞች ወደ ሆላንዷ ዋልክረን ደሴት ያዘመቱት 40 ሺህ ገደማ ጦር በጥይት ሳይሆን በንዳድ ረገፈ። በውጊያ የሞተው 106 ሰው ሲሆን በሽታ የጨረሰው 4 ሺህ ያህል ነው። ማክግሪጎር ወደዚያ የተላከው የጦሩ ዋና ሐኪም ራሱ በመታመሙ ነበር። ለንዳዱ የሚሰጠው የሲንኮና ቅርፊት አለቀ፤ ከአገር ቤት እስኪመጣ ድረስ ደግሞ ሕመምተኛው አይቆይም። በዚህ መሃል ሸቀጥ የጫነ አንድ የአሜሪካ መርከብ ብቅ ሲል፣ ከጭነቱ ውስጥ ጥቂት ሣጥን ቅርፊት መኖሩን ሰማና ወዲያው ገዛው። ይህን የሚተርከው ያለ አንዳች ፉከራ ነው፤ መድኃኒት ጠፋ፣ መድኃኒት ተገኘ፣ ተገዛ። እንዲህ የሚጽፍ ሰው ይታመናል።

በ1812 መጀመሪያ ፖርቱጋልና ስፔን ውስጥ ፈረንሳዮችን ይወጋ የነበረው የእንግሊዙ ጄኔራል የዌሊንግተን ጦር ዋና ሐኪም ሆኖ ፖርቱጋል ገባ። ሆስፒታሎቹን እየዞረ አየ፤ ከየሬጅመንቱ ሐኪም ስንት ሰው እንደ ታመመ፣ በምን እንደ ታመመ፣ ስንቱ እንደ ዳነና እንደ ሞተ የሚገልጽ ሪፖርት በየጊዜው ያስልክ ጀመር። ከመጽሐፉ ሁሉ የሚበልጠው ትዕይንት የመጣው በዚሁ ዓመት፣ ከሳላማንካ ጦርነት በኋላ ማድሪድ ላይ ነው። ዌሊንግተን ምስሉን ለማሳል ተቀምጧል (ሠዓሊው ጎያ እንደ ነበር በሰፊው ይነገራል)። ሐኪሙ የቁስለኞቹን ሁኔታ እየዘረዘረ ሳለ ስንቅ ራሱ በመረጠው መንገድ እንዲላክላቸው ማዘዙን ተናገረ። ጄኔራሉ ከመቀመጫው ዘሎ ተነሣ፤ ጦሩን የሚያዘው ማን እንደሆነ በቁጣ ጠየቀው። እንግሊዝኛ የማይሰማው ሠዓሊ በድንጋጤ ያያቸዋል። ማታ ግን ዌሊንግተን ሐኪሙን ራት ጠርቶ አጠገቡ አስቀመጠው። ከጥቂት ወራት በኋላ ጦሩ ከብቧት ከነበረችው የስፔን ከተማ ከቡርጎስ ሲያፈገፍግ ዌሊንግተን ሕሙማኑ ምን ይሁኑ ብሎ ተጨነቀ፤ ማክግሪጎር አብዛኞቹን ቀደም ብሎ አሽሽቷቸው ነበር። ጄኔራሉ ደስ አለው፤ ሆኖም ወደፊት ትእዛዝ መጠበቅ እንደሚሻል ማሳሰቡን አልተወም።

እኔ ይህን ትዕይንት የማነበው እንደ ጨዋታ ብቻ አይደለም። ጌታውን የሚያስቆጣ ውሳኔ ለመወሰን ሐኪሙ ድፍረት ብቻ አይበቃውም፤ ሕመምተኛው የት እንዳለና ምን ያህል እንደሆነ ማወቅ አለበት። የታሪክ ጸሐፊው ዊልያም ናፒየር (የመቅደላው ናፒየር አይደለም) እንደ መዘገበው፣ ከቡርጎስ ከበባ እስከ ቪቶሪያ ጦርነት በነበሩት አሥር ወራት በሆስፒታሎቹ ያለፈው ሕመምተኛና ቁስለኛ 95,348 ነው። ጦሩ ወደ ቪቶሪያ ሲነሣ ግን የሕሙማኑ ቁጥር ከ5 ሺህ በታች ወርዶ ነበር።

እዚህ ድረስ መጽሐፉ ያስደስታል። ከ1815 በኋላ ግን ትረካው ይሳሳል። ሠላሳ ስድስት ዓመት የተቀመጠበት ወንበር፣ ስሙን ያስጠራው ሥራ፣ በጭራሽ አንድ የከበባ ሌሊት ያህል ቦታ አላገኘም። ከ1816 ጀምሮ ብሪታንያ ወታደር ካሰፈረችበት ሥፍራ ሁሉ የሕክምና ሪፖርት ወደ ለንደን እንዲላክ ያደረገው እሱ ነው። ቅጹ እንዴት ተነደፈ? ከሩቅ ጣቢያ የመጣ ሪፖርት ሲጎድል ወይም ሲሳሳት ምን ይደረግ ነበር? የትኛው ሐኪም አጉረመረመ? አንባቢ ይህን ሁሉ ሽቶ ባዶ እጁን ይመለሳል።

ከዚህ የሚከብደውም ዝምታ አለ። ሪፖርቶቹ ሃያ ዓመት ገደማ ተከማችተው ቆዩ። ለትንተና የወጡት በ1835 የጦር ጉዳይ ሚኒስትሩ ሎርድ ሃዊክ ሥራውን ለሐኪሙ ሄንሪ ማርሻልና ለመኮንኑ አሌክሳንደር ታሎክ ሲሰጥ ነው። በ1838 መታተም የጀመረው ውጤት አስደንጋጭ ነበር። ብሪታንያ ውስጥ ካለው ወታደር በዓመት ከሺህ 15 ያህል ሲሞት፣ ጃማይካ ካሉት ነጭ ወታደሮች 130 ያህል፣ ሴራሊዮን ካሉት ደግሞ 483 ይሞት ነበር። አዲስ መጤ ወታደር ቆላውን ሲለምድ ጤናው ይጸናል የሚለው የቆየ እምነትም በቁጥሩ ፊት አልቆመም፤ መሰንበት ሞትን አልቀነሰም።

ማክግሪጎር ባይሰበስብ ማርሻልና ታሎክ የሚተነትኑት ባላገኙ ነበር፤ ይህ ክብሩ ነው። ነገር ግን ማስረጃው መምሪያው መደርደሪያ ላይ ተቀምጦ ሳለ መርከቦች በየዓመቱ ወጣቶችን ወደ ጃማይካ ማመላለሳቸውን ቀጥለዋል። ለዌሊንግተን ቁጣ ያልተበገረ ሐኪም ይህን ማስረጃ ይዞ ሚኒስትሮቹን ለምን ቀድሞ እንዳልሞገተ መጽሐፉ አይነግረንም፤ ከአንድ ግለ ታሪክ የምጠብቀው ደግሞ ከሁሉ በፊት ይህንን ነበር።