ካሙ ሳጥኑ ውስጥ እያለ

አዲስ ካምሻፍት ያስመጣ ሰው ወዲያው ኮፈኑን ከፍቶ መፍታት ያምረዋል። ስሜቱን አውቀዋለሁ። ዘይት የተቀባው ብረት ከወረቀቱ ሲወጣ እጅ አላርፍ ይላል። በዚህ ሥራ በቆየሁ ቁጥር ግን ካሙን ከነሳጥኑ መደርደሪያ ላይ የማቆይበት ጊዜ እየረዘመ መጥቷል። መፍታትና መግጠም የአንድ ቅዳሜ ሥራ ነው። የሞተሩ ዕጣ የሚለየው ከዚያ በፊት፣ በፊለር ጌጅ፣ በማይክሮሜትርና በደብተር ነው።

ቤቴ ጋራዥ ውስጥ ያለው ሞተር የቶዮታ ፎር-ኤ-ጂኢ ነው፤ በ1980ዎቹ ኮሮላ ኤኢ86 ላይ የነበረው ባለ 16 ቫልቮላ። 1587 ሲሲ፣ የሲሊንደሩ ስፋት 81 ሚሊሜትር፣ የፒስተኑ ጉዞ 77። ጉዞው ከስፋቱ ስለሚያጥር ዙር ይወዳል። ሁለቱን ካሞች የሚያዞራቸው ቺንጋ ነው። ቤት ውስጥ ለሚሠራ ሰው ከዚህ የተመቸ ሞተር ብዙ አላየሁም፤ ሽፋኑ ሲነሣ ሁሉም ነገር ፊት ለፊት ይታያል።

የመጀመሪያው ዝግጅት ምርጫው ነው። ብዙ ሰው የሚሳሳተውም እዚህ ላይ ነው። ካም በራሱ ጉልበት አይፈጥርም። ቫልቮላው መቼ እንደሚከፈት፣ ምን ያህል እንደሚወርድና መቼ እንደሚዘጋ ይወስናል እንጂ። የፋብሪካው ካም ቫልቮላውን ወደ 240 ዲግሪ ለሚሆን የክራንክሻፍት ዙር ክፍት ያደርገዋል። ገበያ ላይ 256፣ 264፣ 272፣ 288 ይገኛል። ቁጥሩ ባደገ መጠን የአየር ማስገቢያው ቫልቮላ ዘግይቶ ይዘጋል። ሞተሩ በከፍተኛ ዙር ላይ ሲሆን አየሩ በራሱ ፍጥነት መግባቱን ስለሚቀጥል መዘግየቱ ይጠቅማል። በዝቅተኛ ዙር ግን ወደ ላይ የሚመለሰው ፒስተን የገባውን አየር መልሶ ያስወጣዋል። ላይ ያገኘኸውን ታች ትከፍላለህ።

አዲስ አበባ ያለ የዘመድ ልጅ አንድ ቀን ደውሎ፣ «ጋሼ፣ 288 ላስመጣ ነው፤ ምን ትላለህ?» አለኝ። መኪናዋን የት እንደሚነዳት ጠየቅኩት። በየቀኑ ከሜክሲኮ መገናኛ፣ አልፎ አልፎ እንጦጦ። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አልፋ የተቀመጠች ከተማ ናት፤ አየሯ ባሕር ዳርቻ ላይ ካለው በሩብ ገደማ ይሳሳል። ሞተሩ ገና ሳይነካ አየር ያንሰዋል ማለት ነው። በዚያ ላይ ዘግይቶ የሚዘጋ ካም ሲጨመርበት የቀረውም ኮምፕሬሽን ይወርዳል፤ እንጦጦን በሁለተኛ ማርሽ ሲወጣ መኪናዋ ትለምነዋለች። «256 ይበቃሃል» አልኩት። «ከዚያ በላይ ካማረህ መጀመሪያ ኮምፕሬሽኑን ከፍ አድርግ፤ የሳሳ አየር ሞተር ቶሎ ስለማያስመታ ከፍታው እዚህ ላይ ያግዝሃል።» ደስ አላለውም። እኔ ግን ዛሬም ሌላ መልስ የለኝም።

ሳጥኑ ላይ የተጻፈው ቁጥር ራሱ ጥንቃቄ ይፈልጋል። አንዱ አምራች ዲግሪውን የሚቆጥረው ቫልቮላው ገና ንቅንቅ ሲል ጀምሮ ነው፤ ሌላው 1 ሚሊሜትር ከወረደ በኋላ። ስለዚህ የሁለት አምራቾች 264 አንድ ላይሆን ይችላል። ከካሙ ጋር የሚመጣውን ካርድ አንብቡ፤ ካርድ የሌለው ካም አትግዙ። አሮጌ ካም ተሞርዶ የተሠራ ከሆነ ደግሞ ክብ የሆነው ጀርባው ቀጥኗል፤ በካሙና በቫልቮላው መካከል ያለው ክፍተት ስለሚሰፋ ወፈር ያሉ ሺሞች፣ ማለትም ክፍተቱን የሚያስተካክሉት ስስ ብረቶች፣ ቀድመው መዘጋጀት አለባቸው።

አሮጌው ካም ሳይነሣ፣ ሞተሩ አድሮ በቀዘቀዘበት ጠዋት፣ የ16ቱንም ቫልቮላ ክፍተት ለክቼ እጽፋለሁ። የፋብሪካው ልክ ለማስገቢያ ከ0.15 እስከ 0.25፣ ለማስወጫ ከ0.20 እስከ 0.30 ሚሊሜትር ነው፤ ለአዲሱ ካም ደግሞ ካርዱ የሚለው ይገዛል። አንድ ማስወጫ ላይ 0.38 ለካሁ እንበል፤ የምፈልገው 0.25፣ ያለው ሺም 2.60። ልዩነቱ 0.13 ስለሆነ የሚያስፈልገኝ 2.73 ነው። ሺም የሚሸጠው በ0.05 ልዩነት ነውና 2.70 ወይም 2.75 እመርጣለሁ። እኔ 2.70ን አስገብቼ 0.28 ላይ እተወዋለሁ። ቫልቮላው መቀመጫውን እየበላ ሲሄድ ክፍተቱ ይጠባል፤ የጠበበ ቫልቮላ ደግሞ በደንብ ሳይዘጋ ይቃጠላል። ትንሽ ሰፋ ያለው ትንሽ ድምፅ ያሰማል እንጂ ሞተር አይገድልም።

የዚህ ሞተር ሺም ታፔቱ ላይ የተቀመጠ መሆኑም መታሰብ አለበት። ከፍታው በጣም የበዛ ካም በከፍተኛ ዙር ሺሙን ከቦታው ሊያስፈነጥረው ይችላል። እንዲህ ያለውን ካም የሚመርጥ ሰው ሺሙ ከታፔቱ ሥር የሚገባበትን ዓይነት አብሮ ያዝዝ። ሞላዎቹም ቫልቮላው ሙሉ በሙሉ ሲወርድ ጥቅልሎቻቸው ተጨፍልቀው እንዳይገናኙ ይለካ።

ልቤን የሚይዘው ሥራ ካሙን በዲግሪ ማስተካከል ነው። ፑሊው ላይ ያለው ምልክት ቴስታታው ሳይላጭ ለነበረው፣ ለፋብሪካው ካም የተሠራ ነው። የእኔ ቴስታታ ተላጭቷል፤ ስለዚህ ምልክቱን አላምነውም። ካንዴላዎቹን አውጥቼ፣ ክራንክሻፍቱ ላይ ዲግሪ የተጻፈበት ክብ ሰሌዳ አስራለሁ። ፒስተኑ ጫፍ ሲደርስ ለጥቂት ዲግሪ የቆመ ስለሚመስል ጫፉን በዓይን ማግኘት አይቻልም። በካንዴላው ቀዳዳ ማገጃ አስገብቼ ሞተሩን በእጅ፣ በቀስታ፣ እስኪነካ አዞርና አነባለሁ፤ በተቃራኒውም እንዲሁ። የሁለቱ ንባብ መሐል እውነተኛው ጫፍ ነው።

ከዚያ ማገጃውን አውጥቼ ዳያል ጌጁን ታፔቱ ላይ አቆማለሁ። የካሙም ጫፍ እንደ ፒስተኑ ያታልላል፤ ስለዚህ ከከፍተኛው 1 ሚሊሜትር ሲቀር በመውጣትና በመውረድ ላይ ያሉትን ሁለት ዲግሪዎች እወስዳለሁ። 72 እና 144 ካገኘሁ መካከሉ 108 ነው። ካርዱ 110 ካለ፣ የሚስተካከለውን ፑሊ ፈትቼ 2 ዲግሪውን አመጣለሁ፤ ካሙ ክራንክሻፍቱ ሁለቴ ሲዞር አንዴ ስለሚዞር ፑሊው ላይ የሚታየው 1 ዲግሪ ብቻ ነው። ከዚያ እንደገና ከመጀመሪያው እለካለሁ። አንድን ልኬት ደግሜ ያንኑ ካላገኘሁት እንደለካሁት አልቆጥረውም።

ቴስታታው ከተነሣ ፒስተኑ ላይ ፕላስቲሲን አድርጎ፣ ቴስታታውን መልሶ ገጥሞ ክራንክሻፍቱን በእጅ ሁለቴ ማዞር ቫልቮላው ምን ያህል እንደሚቀርበው ያሳያል። በሙያው የታወቀው ዝቅተኛ ልክ ለማስገቢያ 2፣ ለማስወጫ 2.5 ሚሊሜትር ነው። ማስወጫው ይበልጥ ስለሚግልና ፒስተኑ ከኋላው እየተከተለው ስለሚመጣ ሰፊ ቦታ ይሻል።

ካሙን የያዙት ኮፍያዎች ቁጥርና ቀስት አላቸው፤ አይቀያየሩም። ቡሎኖቹ በየተራ፣ ትንሽ ትንሽ እየተባለ ይላላሉ፤ ካሙ በአንድ ጎን ብቻ በሞላ ተገፍቶ ከተነሣ ይሰበራል። ሲጠብቁም 13 ኒውተን ሜትር ብቻ ነው፤ እጅ ያንን አያውቀውም፣ ቶርክ ሬንች ያውቃል። ዘይት የሚወርድባቸው ቀዳዳዎች በንጹሕ ጨርቅ ይደፈኑ፤ ጨርቆቹም ሲገቡና ሲወጡ ይቆጠሩ።

ለመጀመሪያው ማስነሣት የሚያስፈልገውም ከመፍታት በፊት ይዘጋጃል። አዲስ ካም ጉብታዎቹ ላይ የመግጠሚያ ቅባት ተቀብቶ፣ ሞተሩ እንደተነሣ ለ20 ደቂቃ ያህል ከ2000 እስከ 2500 ዙር መካከል ይቆያል፤ በዝቅተኛ ዙር ጉብታና ሺም ላይ የሚደርሰው ዘይት ጥቂት ነው። በዚያ መሐል ውሃ ጎደለ፣ ቤንዚን አለቀ ብሎ ማጥፋት አይገባም። ራዲያተሩ ይሞላ፣ ማራገቢያው ይፈተሽ፣ የእሳት ማጥፊያ በእጅ ይሁን። የጋራዡ በር ደግሞ እስከ መጨረሻው ይከፈት። ክረምት ነው፣ ብርድ ነው ብሎ በሩን መዝጋት ያስመኛል፤ ጭሱ ግን ሽታ የሌለው መርዝ ይዟልና ጃኬት ደርቦ መቆም ይሻላል።