ሶፍት ይዛችሁ ተቀመጡ

ሰው ዶክመንተሪ ፊልም አይቶ ሲነሳ የሚናገረውን ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? ስለ ፊልሙ አይነግራችሁም፤ ስለ ራሱ ነው የሚያወራው። «ሌሊቱን ሙሉ እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም»፣ «እህል አልወርድ አለኝ»፣ «ግማሹ ላይ ዘጋሁት፣ ከአቅሜ በላይ ሆነብኝ»። ድግስ እንደሚጠራ ሰው «እንዳያመልጥህ፤ ግን ሶፍት ይዘህ ተቀመጥ» የሚልም አለ። አንድ ወዳጄ ጭራሽ ፊልሞቹን በሶፍት ደረጃ ያወጣላቸዋል። ባለ ሁለት ፍሬ ፊልም አለ፣ ግማሽ ጥቅል የሚወስድ አለ፣ ሙሉ ጥቅል የሚጨርስ አለ። ሰዎቹ እነማን ነበሩ፣ ያ ሁሉ ለምን ደረሰባቸው፣ በኋላስ ምን ሆኑ ብላችሁ ስትጠይቁት ግን «ኧረ ተወኝ፣ አታስታውሰኝ» ነው መልሱ።

መቼም ማልቀስን የሚነቅፍ ሰው የለም። እኛማ የለቅሶ ሥርዓታችን የጠነከረ ሕዝብ ነን። ነገር ግን ለቅሶ ቤት የሄደ ሰው ሟቹን ያውቀዋል። ባያውቀው እንኳ አልቃሿ ስሙን ጠርታ፣ ሙያውን አንስታ፣ ትቷቸው የሄደውን ልጆች ቆጥራ ታሳውቀዋለች። ነገሩም በእንባ አያልቅም። ድንኳን መትከል አለ፣ ንፍሮ መቀቀል አለ፣ ሰልስት አለ፤ የቀረ ዕድርተኛ ይቀጣል። የፊልሙ ለቅሶ ግን ይህ ሁሉ የለበትም። ስሙን ለማናውቀው ሰው እናለቅሳለን፣ ቴሌቪዥኑን አጥፍተን እንተኛለን። እንባችን በማን ላይ እንደሚወርድና ለምን እንደሚውል የሚወስነው ደግሞ እኛ አይደለንም። ፊልሙን የቆረጠውና የቀጠለው ሰው ነው።

ይህን የምለው በደፈናው አይደለም። በአገራችን ታሪክ የዚያን ያህል ሥራ የሠራ ፊልም አለ ብዬ የማላምንበት አንድ ፊልም አለ። ጆናታን ዲምብልቢ የተባለው እንግሊዛዊ ጋዜጠኛ በ29 ዓመቱ ወሎ ድረስ ሄዶ ያየውን በካሜራ አስቀርቶ ተመለሰ። ሥራው ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. በ1973) በእንግሊዙ አይቲቪ ቴሌቪዥን «ያልታወቀው ረሃብ» በሚል ርዕስ ታየ። እንግሊዝ ደነገጠች። ሰው እጁን ወደ ኪሱ ሰደደ፤ በሚሊዮን የሚቆጠር ፓውንድ ተዋጣ።

በነገራችን ላይ ያ ርዕስ ሁልጊዜ ይከነክነኛል። ለማን ነው ያልታወቀው? ለተራበው እንዳልሆነ የታወቀ ነው። ለአዲስ አበባም ቢሆን ያን ያህል አዲስ አልነበረም፤ ከዲምብልቢ በፊት፣ በ1965 ዓ.ም.፣ የዩኒቨርሲቲ መምህራን ወሎ ወርደው ያነሱት ፎቶግራፍ ግቢ ውስጥ ታይቷል። ያልታወቀው ለሎንዶን ሳሎን ነበር። ቢሆንም ፊልሙ ደግ ሥራ ሠርቷል፤ እህልና መድኃኒት አምጥቷል። ይህን መካድ አይገባም።

አሁን ወደ እኛ ሳሎን እንምጣ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም. ማታ፣ ልጆች አበባዮሽ ሲሉ ውለው፣ ዶሮው ተበልቶ፣ ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጎረቤቱን ሰብስቦ ተቀምጧል። ደርግ ያንን የዲምብልቢን ፊልም አቀረበ። ግን እንዳለ አልነበረም። በረሃብተኞቹ መካከል የቤተ መንግሥት ድግስ፣ የሠርግ ኬክ፣ ሻምፓኝ፣ ሥጋ የሚወረወርላቸው የንጉሡ ውሾች እየተቀጠሉ ገቡበት። ይህ የተቀጠለው ፊልም «የተደበቀው ረሃብ» በሚል ስም ይታወቃል። ንጉሡ ራሳቸውም እንዲያዩት ተነግሯቸው ነበር ይባላል። በማግስቱ፣ መስከረም 2 ጠዋት፣ ከኢዮቤልዩ ቤተ መንግሥት በቮልስዋገን ተወሰዱ።

እንግዲህ አስቡት። ወሎ ላይ የተነሳው ያው ሕፃን ነው፤ ያው የገረጣ ፊት፣ ያው ዝንብ። ሎንዶን ላይ እጅን ወደ ኪስ ሰደደ፤ አዲስ አበባ ላይ እጅን አስጨበጠ። ልጁ አልተለወጠም። የተለወጠው ከጎኑ የተቀመጠው ሥዕል ነው። ሩሲያዊው የፊልም ሰው ሌቭ ኩሌሾቭ ከመቶ ዓመት በፊት ያሳየው ይህንኑ ነበር። አንዱን የሰው ፊት አንዴ ከሾርባ ሳህን፣ አንዴ ከሬሳ ሣጥን ጋር ብትቀጥለው ተመልካቹ በዚያው ፊት ላይ አንዴ ረሃብ፣ አንዴ ሐዘን ያነባል።

ታዲያ «የተደበቀው ረሃብ» ውሸት ነበር? አልነበረም። ኬኩ ተቆርሷል፣ ውሾቹ በልተዋል፣ ሰዉም አልቋል። በዚያ ረሃብ የሞተው ሰው ግምት ከ40 ሺህ እስከ 200 ሺህ ይደርሳል። የሚያስቸግረውም ይኸው ነው፤ እያንዳንዱ ቁራጭ እውነት መሆኑ። ውሸት ቢሆን ኖሮ ውሸት ነው ብለን እንገላገለው ነበር። ችግሩ ጥያቄውን መዝጋቱ ላይ ነው። ተመልካቹ ረሃቡን ያመጣው ኬኩ ነው፣ ኬክ በላተኛው ከተነሳ ረሃቡም ይነሳል ብሎ እንዲነሳ አደረገው።

ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን እ.ኤ.አ. በ1981 ባሳተመው የረሃብ ጥናት ወሎን አንድ ምዕራፍ ሰጥቶታል። ያገኘው ነገር በካሜራ የሚነሳ አይደለም። በዚያ ክፉ ዓመት በአገሪቱ የነበረው እህል ያን ያህል አላሽቆለቆለም። ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ ይህ ነው በሚባል ደረጃ አልናረም። እንዲያውም ከወሎ የሚወጣ እህል ነበር። ገበሬው የሞተው ገበያ ላይ እህል ጠፍቶ ሳይሆን መግዣ አጥቶ ነው፤ አዝመራው ከሸፈ፣ ከብቱ አለቀ፣ የተረፈችውን በሬ የሚገዛው ጠፋ። የበሬ ዋጋ መውደቅን እንዴት አድርጋችሁ ትቀርጹታላችሁ? ፊት ይቀረጻል፣ አጥንት ይቀረጻል። ገበያ ወርዶ በሬውን በርካሽ ሸጦ የተመለሰው ሰው ግን ካሜራው ሲደርስ ወይ ሞቷል ወይ መጠለያ ገብቶ ያለ ስም ተኝቷል። ስለዚህ የሚያስለቅሰን ሁልጊዜ የታሪኩ የመጨረሻ ገጽ ነው።

ፊልሙ በታየ በ73ኛው ቀን፣ ኅዳር 14 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ ወደ 60 የሚጠጉ ሹማምንትና መኮንኖች ፍርድ ቤት ሳይቀርቡ ተገደሉ። የባለሥልጣናቱን ጥፋት እንዲያጣራ የተቋቋመው መርማሪ ኮሚሽን ሥራውን ገና አልጨረሰም ነበር። ፊልም ገደላቸው አልልም፤ ያንን ውሳኔ የወሰኑት ሰዎች ናቸው፤ ምክንያታቸውም ብዙ ነው። ግን አንድ ከተማ ሕዝብ በእንባ ፈርዶ ከጨረሰ በኋላ «ማስረጃው የት አለ?» ብሎ የሚነሳ ሰው እንደ ጨካኝ ይታያል። ያንን ማታ ያዩ ሰዎች እስከ ዛሬ ሲያወሩ ውሾቹን እንጂ ኮሚሽኑን አያነሱም።

ቀሪውን ታውቁታላችሁ። ልክ በአሥር ዓመቱ፣ መስከረም 1977 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ በቀይ ባንዲራ አሸብርቃ የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት ስታከብር ወሎና ትግራይ ዳግም ይረግፉ ነበር። «የተደበቀው ረሃብ» ብሎ ያሳየን መንግሥት ረሃቡን ደበቀ። ቴሌቪዥናችን ሰልፉን አሳየ። በ1967 እንቁጣጣሽ ያለቀሰው ተመልካች በ1977 የሚያለቅስበት ነገር አልቀረበለትም፤ መቀሱ ያው አንድ ሰው እጅ ላይ ነበር። ለዓለም የነገሩት የቢቢሲው ማይክል በርክና የኬንያው ካሜራ ሰው መሐመድ አሚን ናቸው፤ ከኮረም የላኩት ዘገባ ጥቅምት 13 ቀን 1977 ዓ.ም. ተሰራጭቶ ከ400 በላይ ጣቢያዎች ተቀባበሉት። (መሐመድ አሚን በ1983 ዓ.ም. አዲስ አበባ ውስጥ ጥይት ማከማቻ ሲፈነዳ አንድ እጁን ያጣ፣ በ1989 ዓ.ም. ደግሞ ኮሞሮስ ባሕር ላይ በወደቀው የተጠለፈ አውሮፕላናችን ውስጥ ያረፈ ሰው ነው። ዕዳው ከእኛ ጋር ነበር።)

የኮረሙ ዘገባ ረሃቡን ከመጽሐፍ ቅዱስ ዘመን ረሃብ ጋር አመሳሰለው። ዓረፍተ ነገሩ አንጀት ይበላል፤ ግን ልብ በሉ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ ረሃብ ከሰማይ የሚወርድ ነው። የእኛው ላይ ጦርነት ነበረበት። በ1967 ጥፋተኛው አንድ ሽማግሌ ሆኖ ነበር፤ በ1977 ጥፋተኛ የሚባል ሰው ጠፋ። ሐምሌ 6 ቀን በተካሄደው የላይቭ ኤይድ ኮንሰርት ደግሞ የካናዳው ሲቢሲ የቀረጸው የሕፃናት ሥዕል «ዘ ካርስ» በተባለው የአሜሪካ ባንድ የፍቅር ዘፈን ታጅቦ ታየ። ዴቪድ ቦዊ ከራሱ ዘፈኖች አንዱን ትቶ ነው ጊዜውን የለቀቀለት። ከዚያ በኋላ ገንዘቡ ጎረፈ። እኔ ግን ያንን ቁራጭ ባየሁ ቁጥር የምጠይቀው አንድ ነገር ነው፤ የእናቲቱ ድምፅ የት ሄደ? አንድ ነገር ትናገር ነበር እኮ! በትግርኛም ይሁን በአማርኛ፣ ልጇን ይዛ አንድ ነገር ብላለች። ዘፈኑ ሲገባ እሷ ወጣች።

ከዚያ ወዲህ «ዶክመንተሪ» የሚለው ቃል በአገራችን ምን ትርጉም እንደያዘ አታጡትም። በ2004 ዓ.ም. «አኬልዳማ»፣ በ2005 ዓ.ም. «ጂሃዳዊ ሐረካት» በመንግሥት ቴሌቪዥን ሲተላለፉ የሰዎቹ ጉዳይ ገና እልባት አላገኘም ነበር። በታህሳስ 2011 ዓ.ም. ደግሞ ተራው ተገልብጦ «የፍትህ ሰቆቃ» መጣ። በእስር ቤት የተሰቃዩ ሰዎች የደረሰባቸውን ሲናገሩ አለማልቀስ ድንጋይ መሆን ነው፤ ለዚያ ምስክርነት ክብር አለኝ። በማግስቱ ታክሲ ውስጥ የነበረው ወሬ ግን ስለ ተጎጂዎቹ ካሳና ሕክምና አልነበረም። «እነዚያን ሰዎች አደባባይ ላይ መስቀል ነው!» ነበር። ከኋላ ወንበር አንዲት ሴትዮ ቀስ ብለው «እስቲ መጀመሪያ ዳኛ ይያቸው» ሲሉ መኪናው ሙሉ ዞሮ ተቆጣቸው። እንቁጣጣሽ 1967 ታክሲ ውስጥ ተሳፍሮ ነበር።

እንዲህ ስል ልብ የሚሰብር ፊልም አይሠራ ማለቴ አይደለም። በተቃራኒው የሚሠራበት መንገድ እንዳለ ያሳየኝ እ.ኤ.አ. በ2007 የወጣው በእንግሊዝኛ «ኤ ዎክ ቱ ቢዩቲፉል» የተባለው ስለ ፌስቱላ ሕሙማን የሚተርከው ፊልም ነው። ምጥ ለቀናት ጠንቶባቸው፣ ልጃቸውን አጥተው፣ ሽንት መቆጣጠር ተስኗቸው ከሰው የተገለሉ የገጠር ሴቶችን ይከተላል። ዶክተር ካትሪን ሃምሊን ከባለቤታቸው ጋር ወደመሠረቱት የአዲስ አበባው ሆስፒታል ለመድረስ የሚሄዱትን መንገድ ነው የሚያሳየው። ሆስፒታሉን እንደ ገነት አድርጎ ማቅረቡ ትንሽ ይከብደኛል። ሴቶቹ ግን ይናገራሉ። በራሳቸው ቋንቋ፣ በራሳቸው አፍ፣ አንዳንዴም እየቀለዱ። ስንት ዓመታቸው ተዳሩ፣ ባል ምን አለ፣ እናት ምን አደረገች፣ ጎረቤት ለምን ሸሸ፣ ሁሉንም እነሱ ናቸው የሚነግሩን። አንዷ እናቷ ቤት አጠገብ በተቀለሰች ጎጆ ለብቻዋ ትኖራለች። ኋላ ስለ ሆስፒታሉ ትሰማለች።

ሁሉም አይድኑም። አንዷ ደጋግማ ታክማም ሙሉ በሙሉ አልተሻላትም፤ ፊልሙም ይህንን አልቆረጠውም። ከጓደኞቿ ጋር አልጋ ላይ ስትስቅ ያየናትን ልጅ፣ ሌሎቹ አዲስ ቀሚስ ለብሰው ሲሸኙ እሷ ስትቀር እናያታለን። ከዚያ በኋላ ምን ትሥራ፣ የት ትኑር የሚለውን ከሐኪሞቹ ጋር ቁጭ ብላ ስትነጋገር ካሜራው እዚያው ይቆያል፤ ሙዚቃ ሳያስገባ፣ ሌላ ሥዕል ሳይቀጥልባት፣ ሐሳቧን እስክትጨርስ ድረስ።