መጽሐፉ ያልነገረን መርፌ

«ማይ ታይም»ን ያነበብኩት እንደ አስም ታማሚ ነው። ኩታበር ያደገ ሰው ያውቀዋል፤ ገብስ ሲወቃ እብቁ ይነሳል፣ ብርዱ ይጨመርበታል፣ ደረት ይዘጋል። ፓፌ ዛሬም ከላፕቶፔ ጋር አንድ ቦርሳ ውስጥ ነው። ስለዚህ «አስም አለብኝ» የሚል ስፖርተኛን ከመጠርጠሬ በፊት ሁለቴ አስባለሁ።

መጽሐፉ የብስክሌተኛው ብራድሊ ዊጊንስ ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 ቱር ደ ፍራንስን ያሸነፈ የመጀመሪያው ብሪታኒያዊ ሆነ፤ መጽሐፉም በዚያው ዓመት ወጣ። ልምምዱን፣ ክብደቱን፣ ድካሙን ሳይቀር ይተርክልናል። መርፌ ላይ ሲደርስ ግን ከክትባትና አልፎ አልፎ ከተሰጠው ጉሉኮስ በቀር ተወግቶ እንደማያውቅ ይነግረናል።

በ2016 «ፋንሲ ቤርስ» የተባሉ ሀከሮች የዓለም ፀረ ዶፒንግ ኤጀንሲን መረጃ ሰርቀው ሲዘረግፉት ሌላ ነገር ታየ። ዊጊንስ በ2011፣ በ2012 እና በ2013 ከትልልቅ ውድድሮች በፊት ትራያምሲኖሎን የተባለ ጠንካራ መድኃኒት በመርፌ እንዲወስድ የሕክምና ፈቃድ ተሰጥቶት ነበር። የ2012ቱ ቱሩ ሊጀመር 4 ቀን ሲቀረው ነው። እሱ ለአስምና ለአበባ ብናኝ አለርጂ ነው ይላል። የብሪታኒያ ፓርላማ ኮሚቴ በ2018 «ሕግ አልተጣሰም፣ የሥነ ምግባር መስመር ግን ታልፏል» የሚል መደምደሚያ ላይ ደረሰ፤ ዊጊንስ አልተቀበለውም።

እኔ ሐኪም አይደለሁም፤ መድኃኒቱ ያስፈልገው እንደሆነ አልፈርድም። የምተቸው መጽሐፉን ነው። ኮድ ስንጽፍ ለአንድ ጉዳይ ከደንቡ ውጭ መፍቀድ ችግር የለውም፤ ችግሩ ሎጉ «ምንም አልተፈጠረም» ሲል ነው። የሕክምና ካርዱን ለአንባቢ የማሳየት ግዴታ አልነበረበትም። ዝም ቢል መብቱ ነበር። ወሬውን ራሱ አንስቶ እንዲህ ማለት ግን ዝምታ አይደለም።

ጥርጣሬ ለእኛም ሩቅ ወሬ አይደለም። በዚያው በ2016 ነሐሴ፣ አልማዝ አያና ሪዮ ላይ 10,000 ሜትርን በ29:17.45 ጨርሳ ከ1993 ጀምሮ የቆየውን ክብረ ወሰን ከ14 ሰከንድ በላይ ስታሻሽል፣ ዶፒንግ የሚለው ጥያቄ ያኔውኑ ተነሳባት። የተያዘባት ነገር ሰዓቷ ብቻ ነበር። የእሱ ወረቀት አራት ዓመት ተሸፍኖ ቆየ፤ እሷን ለመጠርጠር አንድ ቀን እንኳ አልፈጀም።

መጽሐፉን አንብቡት፤ ስለ ልምምድ የሚናገረው ጥሩ ነው። እኔን ያበሳጨኝ ሌላ ነው፦ ታዋቂው ሰው የደበቀው ወረቀት ሲወጣ፣ ነገ በእውነት የታመመው ሯጭ «አስም አለብኝ» ሲል ሰው ይስቃል። የዚያችን አንዲት ዓረፍተ ነገር ዕዳ የሚከፍለው እሱ ነው።