«ድምፅ አሰማ» ምን አሰማ?

ከውጭ ቋንቋ ወደ አማርኛ በሚመለሱ ልብ ወለዶች ውስጥ ደጋግሞ የሚያጋጥም አንድ ሐረግ አለ፤ ይኸውም «ድምፅ አሰማ» የሚለው ነው። በሩ ድምፅ ያሰማል፤ ቅርንጫፉ ድምፅ ያሰማል፤ ጠመንጃውም እንዲሁ። ተርጓሚው ድምፅ መኖሩን ይነግረናል እንጂ ድምፁን አያሰማንም።

ጉድለቱ ከቋንቋው የመነጨ አይደለም። በአማርኛ በር ሲጥጥ ይላል፤ ደረቅ ቅርንጫፍ ቀጭ ይላል፤ ጠመንጃ ጧ ይላል፤ በቅጠል መካከል የሚሹለከለክ አውሬ ኮሽ ይላል። እነዚህ ድምፅ አስመሳይ ቃላት ጌጥ ብቻ አይደሉም። «ቅርንጫፉ ቀጭ አለ» ሲባል፣ ቅርንጫፉ ቀጭንና ደረቅ መሆኑን፣ ስብራቱም ባንዴ መፈጸሙን አንባቢ ያለ ተጨማሪ ቅጽል ይረዳል። አገልግሎታቸውም በጆሮ አይወሰንም፤ «ጆሮዬ ጭው አለ» በሚለው ውስጥ ድምፅን የሚያመለክተው ቃል፣ «ጭው ያለ ገደል» ሲባል ጥልቀትን ለዓይን ያሳያል።

ቃላቱ የሚገቡበት የ«አለ» ግንባታም የራሱ ረቂቅ ልዩነት አለው። በሩ «ከፈት አለ» ቢባል በጥቂቱ፣ «ክፍት አለ» ቢባል ግን ባንድ ጊዜ ወለል ብሎ መከፈቱ ነው። ቮልፍ ሌስላው እ.ኤ.አ. በ1995 ባሳተሙት የአማርኛ ሰዋስው መጽሐፍ ይህን የማለዘብና የማጠንከር ልዩነት መዝግበዋል። በመሆኑም «በሩ የሚያስጨንቅ ድምፅ አሰማና በጥቂቱ ተከፈተ» ከማለት «በሩ ሲጥጥ ብሎ ከፈት አለ» ማለት ያጠረም የተሟላም ነው።

ይህ ሲባል ግን በየዐረፍተ ነገሩ «ዷ»ና «ጓ» ይደርደር ማለት አይደለም። ሁሉም ነገር በሚጮኽበት ገጽ ላይ የሚሰማ ነገር አይኖርም። መመዘኛው ቀላል ነው፤ ቃሉ ሲሰረዝ አንባቢው ስለ ነገሩ ማወቅ ያለበት አንዳች ነገር ካልጎደለው፣ ከመጀመሪያውም አላስፈለገም ነበር።

ከወቀሳው የመዝገበ ቃላት አዘጋጆችም ድርሻ አለን። «ኮሽ አለ»ን «ድምፅ አሰማ» ብሎ የሚፈታ መዝገብ ተርጓሚውን ወደ ተነሣበት ይመልሰዋል። ፍቺው ድምፁን የሚሰጠው ነገር ምን እንደሆነ፣ ድምፁ አንድ ጊዜ ወይስ ተደጋግሞ እንደሚሰማ፣ እንደ «ኮሽታ»፣ «ጠብታ»ና «ፏፏቴ» ያሉ ተዛማጅ ስሞች እንዳሉት ሊያመለክት ይገባል። መጥበቅና መላላትም መመዝገብ አለበት፤ ፊደላችን ስለማያሳየው «ክፍት ነው» በሚለው የሚላላው «ፍ»፣ «ክፍት አለ» በሚለው መጥበቁን አንባቢ ከጽሑፉ ብቻ ሊያውቅ አይችልም። ተርጓሚው ከመዝገቡ ያላገኘውን ቃል ከገጹ ብናጣው ልንደነቅ አይገባንም።