ላም አለኝ በሰማይ፣ ቢሮ አለኝ በሥዕል

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይላሉ አበው። አባባሉ የተነገረው ግን ሰውን ያልተሠራ ቤት ውስጥ አስገብቶ የሚያንሸራሽር ኮምፒዩተር ከመፈጠሩ በፊት ነው። ዛሬ አንድ የግንባታ አጥር ፊት ቆሞ ቀና ያለ መንገደኛ ያላየውን አገር ሲናፍቅ ይውላል። ከቆርቆሮው በስተጀርባ ያለው ጉድጓድ፣ የብረት ክምርና በባሕር ዛፍ አጣና የተደገፈ ወለል ነው። በቆርቆሮው ላይ የተሰቀለው ሥዕል ግን ሌላ ነገር ያወራል። መስተዋቱ ያብረቀርቃል፤ ወለሉ ውሃ የተኛበት ይመስላል፤ ወንበሮቹ በሥነ ሥርዓት ተደርድረዋል፤ ከግርጌው «ዘመናዊ ቢሮዎች ለኪራይ» የሚል ጽሑፍና የስልክ ቁጥር አለ።

ባለሙያዎቹ «ሬንደር»፣ ደንበኛውና ደላላው ደግሞ ባጭሩ «ስሪዲ» የሚሉት ይህ ሥዕል በአዲስ አበባ ውስጥ ከየትኛውም ኤግዚቢሽን የበለጠ ተመልካች አለው ብል ያጋነንኩ አይመስለኝም። ልብ ወለድ ሲታተም ሂስ ይጻፍለታል። ቴአትር ሲከፈት የሚያወድሰውም የሚነቅፈውም አያጣም። ይህ በየአጥሩ የተሰቀለ ጥበብ ግን፣ እኔ እስከማውቀው ድረስ፣ ሐያሲ አላገኘም። ለምን? «ማስታወቂያ ነው» ተብሎ ይሆናል። ማስታወቂያም ቢሆን ሥዕል ነው። ሥዕል ከሆነ ደግሞ «ምን ይላል? ማን አሣለው? ምን ያህልስ እውነት ነው?» ተብሎ ሊጠየቅ ይገባዋል። በዚህ ጽሑፍ የማተኩረው በሕንፃው የውጪ ገጽታ ላይ ሳይሆን፣ ተከራይ ለመሳብ ተብሎ በሚሠራው የቢሮ ውስጥ ሥዕል ላይ ነው።

ብዙ ሰው «ኮምፒዩተር ይዋሻል» ሲል ይሰማል። በእኔ እምነት ኮምፒዩተሩ ያለ ጥፋቱ ነው የሚከሰሰው። የሙያው ታሪክ የሚመሰክረው ተቃራኒውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1980 አሜሪካዊው ተርነር ዊትድ፣ የብርሃን ጨረር ከመስተዋት ላይ ሲነጥርና በመስተዋት ውስጥ ሲያልፍ ኮምፒዩተር ሊከተለው የሚችልበትን ስልት በጽሑፍ አቀረበ። እ.ኤ.አ. በ1984 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ የሚሠሩ ተመራማሪዎች ከቀለማም ግድግዳ የነጠረ ብርሃን አጠገቡ ያለውን ነጭ ግድግዳ እንዴት እንደሚያቀልመው በስሌት አሳዩ፤ የኮርኔል ሰዎች እውነተኛ ሣጥን ሠርተው ከኮምፒዩተሩ ሥዕል ጋር እስከማስተያየት ደርሰዋል። እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ ጄምስ ካጂያ ይህን ሁሉ በአንድ ቀመር ጠቀለለው። እነዚህ ሰዎች የደከሙት ብርሃንን እንደ ባሕርይው ለማሳየት ነው። ዛሬ የቢሮ ሥዕል የሚሠራባቸው ፕሮግራሞችም የዚያ ድካም ልጆች ናቸው። መስኮቱ በየት በኩል እንደሆነና ፀሐይዋ የት እንደቆመች በትክክል ከተነገራቸው የጠረጴዛውን ጥላ በትክክል ይጥሉታል።

እንግዲህ ውሸቱ የሚገባው በየት በኩል ነው? በትእዛዙ በኩል ነው።

ሥዕሉ ከመጀመሩ በፊት አሠሪው ለሠሪው መመሪያ ይሰጣል። በደንብ የተጻፈ ከሆነ ሥዕሉ ለማን እንደሚታይ፣ ስንት ዕይታ እንደሚያስፈልግ፣ ካሜራው ከየት ቆሞ ወዴት እንደሚያይ፣ ሰዓቱ ጧት ይሁን ማታ፣ የወለሉና የኮርኒሱን ዓይነት፣ የዕቃውን አደራደር፣ የሰዎቹን ብዛትና አለባበስ፣ እንዲሁም እርማቱ ስንት ጊዜ እንደሚሆን ይዘረዝራል። ሠሪው በመጀመሪያ ቀለም የሌለው ነጭ ረቂቅ ያቀርባል። የካሜራው ቦታ ከጸደቀ በኋላ ቀለምና ብርሃን ይገባል። በመጨረሻ ሰዉ፣ ዛፉና ሰማዩ ይለጠፋል። በዚህ ሥራ የሚተዳደሩ ወዳጆች ስላሉኝ ጥቂት ትእዛዞችን የማንበብ ዕድል አግኝቻለሁ። ካነበብኳቸው አብዛኞቹ ከአንድ መስመር አያልፉም። «ዱባይ ዱባይ ይበል»፣ «ሰፋ አድርገው»፣ «ብርሃን ጨምርበት»፣ «ምሰሶውን አውጣው»። የሥዕሉ ደራሲ እንግዲህ ሌሊቱን ኮምፒዩተር ፊት ያነጋው ልጅ አይደለም፤ ይህችን አንዲት መስመር የጻፈው ሰው ነው።

«ሰፋ አድርገው» ከሚለው እንጀምር። 20 ካሬ ሜትር የሆነ ክፍል 40 አይሆንም። ካሜራው ግን ሊታለል ይችላል። እውነተኛ ፎቶ አንሺ ጀርባው ግድግዳ ከነካ በኋላ ወደ ኋላ ማለት አይችልም። የኮምፒዩተሩ ካሜራ ግን ግድግዳውን አልፎ ውጪ ይቆማል፤ ከፊቱ ያለው ግድግዳም እንዳይታይ ይደረጋል። በዚያ ላይ ሰፊ ማዕዘን የሚያይ ሌንስ ሲጨመርበት ጠባቡ ክፍል አዳራሽ ይሆናል። ተከራዩ በሥዕሉ ላይ ያየውን ስፋት በዓይኑ ለማየት ቢፈልግ ከአራተኛው ፎቅ ግድግዳ ውጪ አየር ላይ መቆም ይኖርበታል።

ሁለተኛው ብርሃኑ ነው። አዲስ አበባ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 9 ዲግሪ ግድም ላይ ናት። በሰኔ ቀትር ፀሐይዋ ከአናታችን ትንሽ ወደ ሰሜን ትላለች፤ በታኅሣሥ ደግሞ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ያኔም ቢሆን ከፍ እንዳለች ስለሆነ፣ ከወለሉ 2.70 ሜትር ከፍታ ባለው መስኮት የሚገባው የቀትር ጨረር ወደ ውስጥ 2 ሜትር እንኳ አይዘልቅም። በሥዕሎቻችን ላይ የሚታየው ክፍሉን ከዳር እስከ ዳር የሚያቋርጥ ቀጭን የቀትር ጨረር የሰሜን አውሮፓ የክረምት ፀሐይ ነው። ከተማችን ውስጥ ወደ ክፍሉ ጠልቆ የሚገባው የጧትና የማታ ፀሐይ ነው። እሱን ደግሞ በመስተዋት ፊቱን ወደ ምዕራብ ባዞረ ቢሮ ውስጥ የሠራ ሰው ይጠይቁ፤ የመጀመሪያ ወጪው መጋረጃ እንደነበር ይነግርዎታል። ሌላው የተለመደ ስልት ደግሞ የምሽት ዕይታ ነው፤ ውጪው ሰማያዊ፣ ውስጡ በመብራት የደመቀ። ያምራል። ነገር ግን ከምሽቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ የአዲስ አበባ ሠራተኛ ያለው የታክሲ ሰልፍ ላይ ነው።

ሦስተኛው ከመስኮቱ ባሻገር የሚታየው ነው። በአብዛኞቹ ሥዕሎች ላይ ጎረቤት የለም። የቆርቆሮ ጣሪያው፣ የጉልቱ ገበያ፣ አጠገቡ የበቀለው ባለ አምስት ፎቅ ሁሉም ተነቅሎ በቦታው ሣርና የውጭ አገር ዛፍ ተተክሏል። «ይህ የማስዋብ ጉዳይ ነው» የሚል ሊኖር ይችላል። እኔ እንደዚያ አላየውም። በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካዛንቺስ በኮሪደር ልማት ሥራ አሮጌ ሠፈሮቻቸው ሲፈርሱ አይተናል። ሰው ከመንደሩ በሚነሣባት ከተማ ውስጥ ጎረቤትን ከሥዕል ላይ መሠረዝ ትርጉም የሌለው ነገር አይደለም። ዓይን የጎረቤቱን አለመኖር አስቀድሞ ይለማመደዋል።

አራተኛው ሰዎቹ ናቸው። እነዚህ ሰዎች ከተዘጋጁ ስብስቦች ተቆርጠው የሚለጠፉ ናቸው። በዓለም ላይ ብዙ የተሠራበት አንዱ ስብስብ ስዊድናዊ ሲሆን ስሙም «ስካልጉባር» ይባላል። የስካንዲኔቪያ ሰዎች በየአገሩ ሥዕል ላይ መንሸራሸራቸውን ያስተዋሉ በኒውዮርክ የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች «ነንስካንዲኔቪያ» የሚል የራሳቸውን ስብስብ አዘጋጅተዋል። የእኛ ሥዕሎች ላይ ያሉት ግን የቆዳ ቀለማቸው ቢለወጥም አኗኗራቸው አልተለወጠም። ሻይ ይዛ የምትገባ ልጅ የለችም። ዘበኛ የለም። ደረጃ የሚወለውል የለም። ወረቀቱን በፌስታል ይዞ ወንበር ላይ የሚጠብቅ ባለጉዳይ የለም። ባለጉዳይ የሌለበት ቢሮ ምን ዓይነት ቢሮ ነው?

እነዚህ ሰዎች ደግሞ ፊታቸውን አይሰጡንም። ጀርባቸውን አዙረው ወይም በእርምጃ ላይ ደብዝዘው ነው የሚታዩት። የቀደሙት የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችን ጻድቁን በሙሉ ፊት፣ ኃጥኡን በጎን ይሥሉ ነበር፤ ተመልካቹ ከማን ወገን መቆም እንዳለበት ሥዕሉ ራሱ ይነግረዋል። በቢሮው ሥዕል ላይ ፊቱ የተሠወረው ግን ተመልካቹ የራሱን ፊት እንዲተካበት ነው። ሌላም የሚማሩት ነገር አለ። በጥንቱ ሥዕል ግርጌ ብዙ ጊዜ ያሣለው ሰው ወድቆ ሲማፀን ይታያል፤ ስሙም ይጻፋል። አሣዩ አይደበቅም። ከአምላኩ ምን እንደሚፈልግም አይደብቅም። የዛሬው አሣይ ግን ከተከራዩ የሚፈልገውን ይዞ ከሥዕሉ ውጪ ቆሟል።

ያልተሠራን ማሳየት አዲስ ነገር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1818 የሞተው እንግሊዛዊው የአትክልት ሥፍራ ነዳፊ ሐምፍሪ ሬፕተን ለደንበኞቹ የሚያቀርባቸው «ቀይ መጻሕፍት» ነበሩት። ሥዕሉ ላይ ተደርባ የምትገለጥ ቁራጭ ወረቀት ነበረች፤ ወረቀቷ ስትከደን ዛሬ ያለው፣ ስትገለጥ ነገ የሚሆነው ይታያል። ደንበኛው ሁለቱንም በእጁ ይዞ ያመዛዝናል። ጆሴፍ ጋንዲ ደግሞ አርክቴክቱ ጆን ሶን የሠራውን የእንግሊዝ ባንክ እ.ኤ.አ. በ1830 ከላይ ሆኖ፣ ጣሪያው ተገልጦ ፍርስራሽ መስሎ ሣለው። አሠሪው የገዛ ሥራው የሚፈርስበትን ቀን የሚያስታውስ ሥዕል አልፈራም። ሂው ፌሪስም እ.ኤ.አ. በ1929 ባሳተመው መጽሐፍ የወደፊቷን ከተማ በከሰል ሲሥል፣ ያየ ሁሉ ምኞት መሆኑን ያውቅ ነበር። የእጅ ሥዕል እጅ እንደነካው አይሠውርም። የዛሬው ፎቶግራፍ መስሎ ስለሚመጣ ተመልካቹ «ነው» ብሎ ያነበዋል እንጂ «ይሆናል» ብሎ አያነበውም።

ለባለ ሕንፃውም ፍርድ አናጓድልበት። ብድሩ ወለድ እየቆጠረበት ሕንፃው እስኪያልቅ ተከራይ ሳይፈልግ ሊቆይ አይችልም። ብዙው ሰው ደግሞ ፕላን ማንበብ አይችልም፤ ለእሱ ሥዕሉ ውለታ ነው። ሥዕል ሁሉ ባዶ ሆኖ አይቀርም። በ2014 ዓ.ም. የተመረቀውን፣ ከ200 ሜትር በላይ የሚረዝመውን የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ዋና መሥሪያ ቤት ሥዕሉን ቀድመን፣ ሕንፃውን ኋላ ነው ያየነው። ስለዚህ ጥያቄው ሥዕል ይሠራ አይሠራ አይደለም። ጥያቄው ዋጋውን የሚከፍለው ማነው የሚል ነው።

የሒሳብ ሥራ የምትሠራ አንዲት ወዳጄ ከቤቷ ወጥታ የራሷን ቢሮ ለመክፈት ስትነሣ ሥዕል አይታ የስድስት ወር ኪራይ በቅድሚያ ከፈለች። ዕቃዋን ጭና ስትገባ፣ በሥዕሉ ላይ የስብሰባ ጠረጴዛ ባለበት ቦታ ሁለት እጅ የማይሞላው ምሰሶ ቆሟል። መስኮቱን ስትከፍተው የጎረቤቱ ሕንፃ ግድግዳ እጅ ተዘርግቶ ይነካል። አቤት ስትል የተሰጣት መልስ «እሱ እኮ ለማሳያ ነው» የሚል ነበር። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759/2004 አሳሳች ማስታወቂያን ከልክሏል። ወዳጄ ግን በእጇ የነበረው ውል ስለ ሥዕሉ አንድ ቃል አልነበረበትም። የከፈለችው ገንዘብ የሁለት ዓመት ቁጠባዋ ነበር።

ከተመለከትኳቸው ሥዕሎች ውስጥ አንዱን ሳላመሰግን ማለፍ አልፈልግም። በአንድ አነስተኛ ሕንፃ ላይ የተሰቀለ ነው። ሰዓቱ ከጧቱ አራት ሰዓት ይመስላል፤ ሰማዩ የሐምሌ ሰማይ ነው። ካሜራው በቆመ ሰው ዓይን ልክ ተቀምጧል። ምሰሶው በቦታው አለ፤ ጠረጴዛው ተጠግቶታል። ከመስኮቱ ባሻገር የዛገ ቆርቆሮና የአንድ ጽድ ጫፍ ይታያል። በር አጠገብ ወንበር ላይ አንድ ሽማግሌ ወረቀት ይዘው ተቀምጠዋል። ክፍሉ ትንሽ ነው፤ ትንሽነቱንም አልደበቀም። ከአንድም ሁለት ጊዜ ተመልሼ አየሁት። ያመንኩት ስላልለመነኝ ይመስለኛል።

ይህን ሥዕል ያሠራው ሰው የጻፈውን ትእዛዝ ባላየውም ምን እንደሚል መገመት አይከብድም። ካሜራው ክፍሉ ውስጥ ይቁም። ፀሐይዋ የአዲስ አበባ ትሁን። ጎረቤት አይጥፋ። ምሰሶ አይነቀል። ይህ ከማንም አቅም በላይ አይደለም። በለንደን ለግንባታ ፈቃድ ከሚቀርቡ ሥዕሎች መካከል ካሜራው የቆመበት ቦታና የሌንሱ ዓይነት ተመዝግቦ የሚረጋገጥላቸው አሉ። በልደታው የሥነ ሕንፃ ተቋም የሚማሩ ወጣቶችም ፕሮግራሙን ከመልመድ ጎን ለጎን «ምሰሶውን አውጣው» ለሚል ደንበኛ የሚሰጠውን መልስ ቢለማመዱ መልካም ነው።

ከተከራዩ የሚጠበቀው ግን ከዚህ የቀለለ ነው። ውል ሲፈርም ሥዕሉን ከውሉ ጋር ያያይዘው፤ ባለ ሕንፃውም ከግርጌው ይፈርምበት። ያን ጊዜ ያሣለው ሰው ስም እንደ ጥንቱ ከሥዕሉ ግርጌ ይገኛል።