«ከመደበኛ በላይ» ማለት ምን ማለት ነው? ስለ ክረምት ማብቂያ የአየር ሁኔታ ትንበያ ቃላት የቀረበ ሂስ

የአየር ሁኔታ ትንበያ በአማርኛ ራሱን ችሎ የቆመ የጽሑፍ ዓይነት ከሆነ ውሎ አድሯል። በ1973 ዓ.ም. በአዋጅ የተቋቋመውና ዛሬ የኢትዮጵያ ሚቲዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት የሚባለው መሥሪያ ቤት የሚያወጣቸው መግለጫዎች ለሙያው አያሌ ቃላትን አስገኝተዋል። ከእነዚህም የተዋጣላቸው ጥቂት አይደሉም። የዝናብ «አጀማመር» እና «አወጣጥ» የሚሉት «ክረምት ገባ፣ ክረምት ወጣ» ከሚለው የሕዝብ አነጋገር ጋር ይዛመዳሉ። ውሃ ከተኛበት ማሳ ላይ እንዲወጣ ማድረግን «ማጠንፈፍ» ማለትም ሌላ ማብራሪያ የማያሻው ምርጫ ነው። ሆኖም በየጊዜው የሚደጋገሙ ሌሎች ስያሜዎች የባለሙያውን ሐሳብ ለባለሙያው ብቻ የሚያደርሱ ሆነው ይገኛሉ። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እነዚህን መመርመር ነው።

ለመመዘኛ የምንወስደው የምዕራብ ደቡብ ወሎን ደጋ፣ ይኸውም የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችውን የመካነ ሰላምን አካባቢ ነው። ወቅቱም ከነሐሴ አጋማሽ እስከ መስቀል ያለው ነው። አገሩ ከፍ ካለው ደጋ ተነሥቶ ወደ ዓባይ ሸለቆ ቆላ ይወርዳል። በነዚህ ሳምንታት ገበሬው ማሳውን ያጠነፍፋል፣ ቀድሞ የደረሰ ሰብል ካለው ይሰበስባል፣ በመረሬ መሬት ላይ በተረፈ እርጥበት ለሚበቅሉት ለሽምብራና ለጓያ የዘር ቀን ይመርጣል። ስለሆነም ስለ መጪው ሳምንት የሚነገረው እያንዳንዱ ቃል አንድ ውሳኔ የተንጠለጠለበት ነው።

በቅድሚያ ስለ ወቅቱ ስም። በእንግሊዝኛ «ሰመር» የሚባለውን አያሌ የትምህርት ቤት መጻሕፍት «በጋ»፣ «ዊንተር» የሚባለውን ደግሞ «ክረምት» ብለው ይፈቱታል። በአንጻሩ በዩኒቨርሲቲዎቻችን «የክረምት መርሐ ግብር» የሚባለው በእንግሊዝኛ ሲጻፍ የ«ሰመር» ትምህርት ነው። ሁለቱ አፈታቶች የተጋጩት አንደኛው ብርድና ሙቀትን፣ ሁለተኛው ወራትን ስለሚከተል ነው። ተርጓሚ መከተል ያለበት ወራቱን ነው። አለዚያ የ«ሰመር» መጨረሻ ዝናብ በአማርኛ የበጋ መጨረሻ ዝናብ ይሆንና ከነሐሴ ወደ መጋቢት ይሻገራል።

በአገር ውስጥም ቢሆን ልዩነት አለ። በባሕረ ሐሳብ ክረምት ከሰኔ 26 እስከ መስከረም 25 ሲሆን፣ ዓመቱ በክረምት፣ በመፀው፣ በበጋና በፀደይ ይከፈላል። ሚቲዎሮሎጂ ግን በጋ፣ በልግና ክረምት ብሎ በሦስት ይከፍለዋል፤ የእርሱ ክረምት እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከጁን 1 እስከ ሴፕቴምበር 30፣ ማለትም በአብዛኛው ከግንቦት 24 እስከ መስከረም 20 ይዘልቃል። በመግቢያቸው ከአንድ ወር በላይ ይለያያሉ፤ በመውጫቸው ግን አምስት ቀን ብቻ። እንግዲህ መዝገበ ቃላት ሁለቱንም ፍቺዎች ለየብቻ ማስፈር ይገባዋል።

ከሁሉ የሚከብደው «መደበኛ» የሚለው ነው። በሙያው ይህ ቃል የሚወክለው በልማድ በ30 ዓመት መረጃ ላይ የተመሠረተን ማነጻጸሪያ ነው። በዕለት ተዕለት አማርኛ ግን መደበኛ ትምህርት፣ መደበኛ ስብሰባ እንደምንለው፣ በሥርዐት የተመደበውን፣ ተገቢውን ያመለክታል። ከዚህ የተነሣ «ከመደበኛ በላይ ዝናብ» የሚለው ሐረግ ምስጋና ይመስላል። በሐምሌ ለጠማው ማሳ ምናልባት ምስጋና ነው፤ በነሐሴ መጨረሻ ውሃ ለተኛበት የመረሬ ማሳ ግን መርዶ ነው። ቃሉ ልኬትን ብቻ ሊናገር ሲገባው ሳይታሰብ ፍርድ ይሰጣል። «ከልማዱ የበዛ»፣ «እንደ ልማዱ»፣ «ከልማዱ ያነሰ» ቢባል ማነጻጸሪያው ያለፉት ዓመታት መሆኑ ወዲያው ይታወቃል፤ መልካምነቱን ወይም ክፋቱን ወቅቱና መሬቱ ይፈርዱበታል።

«ከባድ ዝናብ» በትንበያው ቋንቋ በ24 ሰዓት ውስጥ ከ30 ሚሊ ሜትር በላይ የሚዘንበው ነው። ይህ በአንድ ካሬ ሜትር ላይ ከ30 ሊትር በላይ ውሃ ማለት ነው። ይሁን እንጂ መጠኑ አንድ ሆኖ አወራረዱ ሊለያይ ይችላል። በአንድ ሰዓት የወረደ እንደሆነ ዶፍ ነው፤ በዓባይ ሸለቆ ተዳፋት ላይ አፈሩን ጠርጎ ይሄዳል። ቀኑን ሙሉ ሳያባራ የዋለ እንደሆነ ደግሞ ሜዳውን ያጨቀያል። ዶፍና ካፊያ የአወራረድ ስሞች እንጂ የመጠን ስሞች አይደሉም። እንግዲህ ትንበያው እነዚህን የተራ ሰው ቃላት ናቸው ብሎ መተው የለበትም፤ ከቁጥሩ አጠገብ ቢያኖራቸው ቁጥሩ የማይነግረውን ይነግሩለታል።

«በረዶ» ደግሞ በተቃራኒው ብዙ የተሸከመ ቃል ነው። ከደመና በጠጠር መልክ የሚወርደውም፣ በውጭ አገር እንደ ባዘቶ የሚነጥፈውም፣ የረጋው ውሃም በአንድ ስም ይጠራሉ። በዚህ ወቅት በወሎ ደጋ ሰብል የሚያረግፈው የመጀመሪያው ነው። ስለዚህ ተርጓሚው «የበረዶ ጠጠር» ቢል ይለይለታል። ክረምት ከወጣ በኋላ በጠራ ሌሊት ሰብል የሚያቃጥለው ግን «ውርጭ» ነውና ከበረዶ ጋር መቀላቀል የለበትም።

የስያሜ ሥራ አዲስ ቃል በመፍጠር ብቻ አይለካም። «ትንበያ» ራሱ «ትንቢት» ከወጣበት ግንድ ወጥቶ፣ ዛሬ ማንም ሁለቱን ሳያምታታ የሚያገለግለው፣ አገልግሎቱ ለይቶ ስላሳየው ነው። «መደበኛ»ም በጊዜ ብዛት እንዲሁ ይለይለታል የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። ነገር ግን «ትንበያ» እስኪለመድ ማንም ሰብል አልከሰረበትም፤ «ከመደበኛ በላይ» እስኪለመድ ግን የሚያልፈው እያንዳንዱ ክረምት የአንድ ዓመት እህል ነው። ስለዚህ እስከዚያው ድረስ ሁለቱ ስያሜዎች ጎን ለጎን ቢጻፉ፣ መዝገበ ቃላትም ሙያዊውን ፍቺ ከተለመደው ለይቶ ቢያሰፍር፣ ባለሙያው ከትክክለኛነቱ የሚያጣው ነገር አይኖርም።