ወደ ነጌብ የሚደረገው ጉብኝት፦ የሚነገረውና የሚታለፈው



ከሐደራ ማለዳ ተነሥቶ፣ በማምሺትና በአብዳት ፍርስራሾች፣ ቀጥሎም በሚጽፔ ራሞን አልፎ ዮትቫታ ወደሚገኘው የአራዊት ክልል የሚያደርሰው ጉዞ ለቤተሰቦቻችን አዲስ አይደለም። ልጆች ከትምህርት ቤታቸው፣ አዛውንቶች ከክበባቸው ጋር ይሄዱበታል። ጉዞው ጠቃሚ መሆኑን አንክድም። ይሁን እንጂ ጉብኝት እንደ መጽሐፍ ነውና የሚናገረውንም የሚዘለውንም መመርመር ተገቢ ሆኖ አግኝተነዋል።

በቅድሚያ ምስጋና ለሚገባው እናመስግን። ማምሺት፣ አብዳት፣ ሺቭታና ሐሉጻ በ2005 እ.ኤ.አ. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፍረዋል። አስጎብኚዎች በዓመት 100 ሚሊ ሜትር ገደማ ብቻ በሚዘንብበት አገር የጥንት ሰዎች ጎርፉን በእርከን እየያዙ እንዴት እንዳረሱ፣ ውኃውን በዓለት ጉድጓድ እንዴት እንዳጠራቀሙ በሚገባ ያስረዳሉ። በጎንደር ተራራ ላይ ያረሰ ሰው ይህን ሲያይ አስተርጓሚ አያስፈልገውም።

ጉድለቱ የሚጀምረው ከዕጣኑ ነው። ናባታውያን ነጋዴዎች ዕጣኑን ከደቡብ ዓረብ በግመል ጭነው፣ በፔትራ በኩል ነጌብን አቋርጠው ወደ ጋዛ ወደብ ያወርዱት እንደነበር ይነገረናል። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ግማሽ እውነት ነው። ከቀይ ባሕር ማዶ ያለችው አፍሪካ ከካርታው ውጭ ትቀራለች። በ1ኛው መቶ ዓመት በግሪክኛ የተጻፈው የኤርትራ ባሕር መርከበኞች መጽሐፍ የአዱሊስን ወደብና የአክሱምን ከተማ ያነሣል፤ ዛሬ ሶማሊያ ከሚባለው ጠረፍ ዕጣን ይጫን እንደነበርም ይዘረዝራል። በእኛም አገር በመተማና በቋራ ቆላ የዕጣን ዛፍ አለ። በበጋ ቅርፊቱ በስለት ይላጣል፤ የሚወጣው ሙጫ ሲደርቅ ይለቀማል። የቋራ ዕጣን በአብዳት አልፏል አንልም። የምንለው ይህ ነው፦ በኦሪት ዘፀአት ምዕራፍ 30 የተጠቀሰውን የዕጣን ነገር በቄሶቻችን አፍ የሰሙ፣ ጥሩውን ዕጣን ከመናኛው በሽታው የሚለዩ እናቶች በአውቶቡሱ ተቀምጠው ሳለ አንድም ጥያቄ አይቀርብላቸውም።

ሁለተኛው የአራዊቱ ጉዳይ ነው። የዮትቫታ ክልል በ1968 እ.ኤ.አ. የተቋቋመው በመጽሐፍ ቅዱስ የተጠቀሱና ከምድሪቱ የጠፉ አራዊትን አርብቶ ለመመለስ ነው። ሰጎኑም ሳላውም የአዋሽን ሜዳ ላየ ሰው እንግዳ አይደሉም። የዱር አህያ ግን ማብራሪያ ይሻል። ዓይነቱ ሁለት ነው። የእስያው ከ1982 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በራሞን ተለቅቋል። የአፍሪካው ደግሞ ዛሬ በዱር የቀረው በዋናነት በኢትዮጵያ አፋርና በኤርትራ ሲሆን፣ ሊጠፉ እጅግ ከተቃረቡት አራዊት አንዱ ነው። የአማርኛው መጽሐፈ ኢዮብ በምዕራፍ 39 የሜዳ አህያ ስለሚለው፣ አስተርጓሚ ይህንኑ ሲደግም ልጆች ባለ መስመሩን እንስሳ ያስባሉ። የዱር አህያ ቢባል፣ ከአፋር መሆኑም ቢጨመር ልጁ አገሩንና ኦሪቱን በአንድ ቃል ያገኝ ነበር።

ሦስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። በረሃው ጸጥ ያለና የሚያምር ባዶ ስፍራ ተደርጎ ሲቀርብ፣ ከተሳፋሪዎቹ መካከል በ1980ዎቹ ከጎንደርና ከትግራይ በእግራቸው ወደ ሱዳን የተሻገሩ አሉ። ብዙዎቹ ያለፉት ያ የዕጣን ዛፍ በሚበቅልበት ቆላ ነው። ከኖቬምበር 1984 እስከ ጃንዋሪ 1985 እ.ኤ.አ. የሙሴ ዘመቻ በአየር እስኪያወጣቸው ድረስ በኡም ራኩባና በሌሎች ሰፈሮች ቆይተዋል። በመንገድና በሰፈር የሞቱት 4,000 ያህል ይገመታሉ፤ መታሰቢያቸውም በኢየሩሳሌም በሄርጽል ተራራ ቆሟል። እነዚህ ሰዎች በረሃ ሲባል ጥም፣ ሽፍታና በመንገድ ዳር የተቀበረ ዘመድ ይታያቸዋል። የልጅ ልጃቸው ግን ከጎናቸው ተቀምጦ ፎቶግራፍ ያነሣል። ዝምታቸውን እንቅልፍ የሚመስለው አስጎብኚ ተሳስቷል።

ስለዚህ ሐሳባችን ቀላል ነው። ከጉዞው በፊት ባለው ሳምንት አንድ አባት ወይም አንዲት እናት ለወጣቶቹ ይናገሩ። ከአብዳት እስከ ዮትቫታ ባለው መንገድ ድምፅ ማጉያው ፈቃደኛ ለሆነ አዛውንት ለአንድ ሰዓት ይሰጥ፤ ልጆችም በአማርኛና በዕብራይስጥ ይጻፉት። ለተመራማሪዎችም የምንለው አለ፦ የነጌብ ድንጋይ ከ2,000 ዓመት በላይ ጠብቆናል፤ ወደፊትም ይጠብቃል። የሚናገሩት አዛውንቶች ግን በየዓመቱ ይቀንሳሉ። መጀመሪያ እነሱን መጠየቅ ይገባል።

በዚህ ጉዞ የተሳተፋችሁ ቤተሰቦች የሰማችሁትን ጽፋችሁ ብትልኩልን በደስታ እናስተናግዳለን።